ያ ወፍራም ክብ ፎንት አማርኛ ላይ ለምን እምቢ ይላል? ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት ታፔላ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ከጓደኛዬ ጋር አነስተኛ መዋዕለ ሕፃናት ልንከፍት ነው። የእንግሊዝኛ ስማችንን ፍሬዶካ በሚባለው ወፍራም፣ ጫፉ ክብ ክብ ባለ ፎንት አሠራነው፤ በጣም አማረ። ከሥሩ በዚያው ፎንት "መዋዕለ ሕፃናት" ብለን ስንጽፍ ግን ቀጭንና ደረቅ ጽሑፍ ይመጣል። ማተሚያ ቤት ስንወስደው ደግሞ ሌላ መልክ ይዞ ወጣ። ቦልድ ስናደርገው ፊደሉ ይደፈናል። ፎንቱ ተበላሽቶ ነው? አማርኛ ያለውን ከየት እናውርድ? ካገኘነው ለታፔላውም፣ ለዩኒፎርሙም፣ ለፊደል ገበታውም ልንጠቀምበት አስበናል።»

ምላሽ፦ ፎንቱ አልተበላሸም። ፍሬዶካ ውስጥ የአማርኛ ፊደል የለም። እንደገና ቢያወርዱትም፣ ከሌላ ቦታ ቢያመጡትም አያገኙትም። መጀመሪያ የወጣው ፍሬዶካ ዋን የሚባለው ነበር፤ የሚሌና ብራንዳኦ ሥራ ነው። አንድ ውፍረት ብቻ ነበረው፣ እሱም ወፍራሙ። በኋላ ሲስፋፋ ቀጫጭን መልኮች ተጨመሩለት፣ ዕብራይስጥም ገባበት። የእኛ ፊደል አልገባም።

ታዲያ ያ ቀጭን ጽሑፍ ከየት መጣ? ኮምፒውተር በመረጡት ፎንት ውስጥ አንድን ፊደል ሲያጣው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከራሱ ጓዳ ሌላ ፎንት አውጥቶ ይተካል። የፎንቱ ስም የሚታይበት ቦታ ላይ «ፍሬዶካ» የሚለው እንዳለ ሊቆይ ይችላል። የሚያዩት ፊደል ግን የሌላ ነው። ዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ ኒያላ ወይም ኢብሪማ ይሆናል። ማክ ላይ «ከፋ» የሚባለው ፎንት፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ኖቶ። እቤት ያዩትና ማተሚያ ቤት የወጣው የተለያየው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱ ማሽኖች የተለያየ ጓዳ አላቸው። የሚተካ ነገር ጭራሽ ከጠፋ ባዶ ሳጥን ይወጣል። ያንን ሳጥን የሙያው ሰዎች «ቶፉ» ይሉታል። ኖቶ የሚለው ስም ራሱ የመጣው «ቶፉ አይኑር» ከሚል ሐሳብ ነው።

የማተሚያ ቤቱ ችግር በቀላሉ ይፈታል። ፋይሉን ከመላክዎ በፊት ዲዛይነርዎ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ይቀይረው። ኢሉስትሬተር ላይ «ክሬት አውትላይንስ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ከዚያ በኋላ ፊደሉ ጽሑፍ መሆኑ ይቀርና ሥዕል ይሆናል፤ የትኛውም ማሽን ላይ ቢከፈት መልኩን አይለውጥም። ጽሑፉ ያልተቀየረበትን ዋና ፋይል ግን ለብቻው ያስቀምጡ። አንዴ ሥዕል ከሆነ በኋላ የፊደል ስሕተት ማረም ከባድ ነው።

አሁን ወደ ቦልድ እንምጣ። ብዙ ሰው «ቦልድ» የሚለውን ቁልፍ ፊደል ማወፈሪያ አድርጎ ያየዋል። እውነተኛ ቦልድ ግን ለብቻው ተስሎ ፎንቱ ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ፊደል ነው። የፊደሉ ቀራጭ መስመሩን ሲያወፍር ቀዳዳውን ትንሽ ያሰፋል፣ ፊደሉን ወደ ጎን ይለጥጣል፣ የተጨናነቀበትን ቦታ ያሳሳል። ፎንቱ እንዲህ ያለ ቦልድ ከሌለው ደግሞ ብዙው ፕሮግራም የራሱን ይፈጥራል። የፊደሉን ጠርዝ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያሳብጠዋል። ወደ ውጭ ያብጣል፣ ወደ ውስጥም ያብጣል። ወደ ውስጥ ሲያብጥ ቀዳዳዎቹ ይጠባሉ። እርስዎ «ይደፈናል» ያሉት ይኼ ነው። ዓይንዎ ልክ ነው።

እንግሊዝኛ ላይ ቀዳዳ ቢጠብ ጉዳቱ ብዙ አይደለም። የ«ኤ» ወይም የ«ኦ» ቀዳዳ ትንሽ ቢያንስ ቃሉ ያው ይነበባል። አማርኛ ላይ ግን ቀዳዳና ጭረት ድምፅ ናቸው። ቤ እና ቢ የሚለዩት ቀኝ እግር ሥር ባለው ነገር ነው፤ በአንዱ ቀለበት ነው፣ በሌላው ጭረት። ቀለበቱ ከተደፈነ ጭረት ይመስላል። ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ ለአንድ ዳቦ ቤት የሠራሁት ታፔላ በዚህ ተበላሽቶብኛል። ስክሪን ላይ ግሩም ነበር። ተሰቅሎ ከመንገዱ ማዶ ሳየው «ዳቦ ቢት» ይላል። የቤ ቀለበት ከርቀት አንድ ወፍራም ነጥብ ሆኖ ቀርቷል። አውርጄ በራሴ ወጪ እንደገና ሠራሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ወፍራም ፊደል መጀመሪያ የምፈትነው በኃምስ ነው። ሌ፣ ቤ፣ ቴ፣ ኔ ብዬ እጽፍና ቀለበቶቹን አያለሁ።

ይህን መልክ ለምን እንደምንወደው፣ እኛ ጋ ሲመጣ ደግሞ ለምን እንደሚቸገር ለመረዳት መጻፊያውን ማየት ይጠቅማል። ጫፉ ክብ የሆነ፣ ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ እኩል የሆነ የላቲን ፊደል ሥሩ ክብ ብዕርና ክብ ብሩሽ ነው። ክብ ጫፍ ያለው ብዕር በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄድ መስመሩ እኩል ነው፤ ሲጀምርም ሲጨርስም ግማሽ ክብ ይተዋል። ያ ልስላሴ በኋላ በፎንት ተቀረጸ። ፋግ ራውንድድ የሚባለው ታዋቂ ፊደል በ1979 ለቮልስዋገን ኩባንያ የተዘጋጀ ነው። ከዚያ ወዲህ ክብ ጫፍ «ወዳጅ ነኝ፣ አልቆጣም» የሚል ስሜት ይዞ በአሻንጉሊት፣ በአይስክሬም፣ በልጆች ዕቃ ላይ ተሰራጨ። ልጆች መውደዳቸው አያስገርምም፤ የሚወጋ ነገር የለበትም።

የእኛ ፊደል ያደገው በመቃ ብዕር ነው። ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆረጣል። ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ይሰጣል። ብራና ላይ ያለ ጽሑፍ ልብ ብለው ይዩ፤ እግሮቹ ወፋፍራም ናቸው፣ ማገናኛዎቹና የቅጥያ ጭረቶቹ ቀጫጭን። ቀለበቶቹ ተንፍሰው የሚቀመጡት ማገናኛው ቀጭን ስለሆነ ነው። ዮሐንስ ፖትከን በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ሲያሳትምም የተከተለው ያንኑ የብራና መልክ ነው። አሁን ይህን ፊደል «ሁሉም መስመር እኩል ይወፍር» ስንለው ትንፋሹን እየነሳነው ነው። ቀጭን የነበረው ሁሉ ወፍራም ይሆናል፤ ቦታው ግን አልጨመረም።

ይህ ማለት ፊደላችን ክብና ወፍራም መሆን አይችልም ማለት አይደለም። ይኼን የሚሉ ሰዎች አሉ፣ አልስማማም። የየሰፈሩን በእጅ የተሣለ ታፔላ ይመልከቱ። የጁስ ቤት፣ የፀጉር ቤት፣ የጎሚስታ። ሠዓሊው በክብ ብሩሽና በዘይት ቀለም ሲጽፍ ፊደሉ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ጫፉ ድቡልቡል ሆኖ ይወጣል፤ ደግሞም ይነበባል። ለምን? ሠዓሊው ኃምስ ላይ ሲደርስ ሳያስበው ቀለበቱን ከፍ አድርጎ ይሥላል፤ ሐ ላይ ሲደርስ ፊደሉን ወደ ጎን ያሰፋል። እጁ ያውቃል። የኮምፒውተሩ ማሳበጫ ግን ይህን አያውቅም። ለእኔ የዚህ መልክ የአማርኛ አባት ያ ሠዓሊ ነው፤ አጥኚ ቢያገኝ ደስ ይለኛል።

ታዲያ ለምን እስካሁን በፎንት መልክ ተሟልቶ አልመጣም? ዋናው ምክንያት ብዛት ነው። የእንግሊዝኛ ፎንት ትልቁንና ትንሹን ጨምሮ 52 ፊደል ይበቃዋል። አማርኛ 33 የፊደል ቤት በ7 እርከን ሲባዛ 231 ቅርጽ ይሆናል። ቨ ሲጨመር 238። ከዚያ ቋ፣ ጓ፣ ሏ፣ ሟ የመሳሰሉት አሉ፤ 20 የግእዝ ቁጥሮች አሉ፤ ሥርዓተ ነጥብም አለ። እያንዳንዱ በዓይን መታየት አለበት። አንዱን ቀለበት ገልብጦ በሁሉም ላይ መለጠፍ አይቻልም፤ የሌ ቀለበትና የቄ ቀለበት የሚቀመጡበት ቦታ የተለያየ ነው። የጌጥ ፎንት ደግሞ ለርዕስና ለሎጎ ብቻ ስለሚያገለግል ለዚህ ሁሉ ድካም የሚከፍል ሰው ጥቂት ነው።

ሌሎች እንዴት እንደወጡት ማየት ያስተምራል። ኤክ ታይፕ የሚባለው የሙምባይ የፊደል ቀራጮች ቡድን ባሉ የሚባል ወፍራም፣ ክብ፣ ተጫዋች ፎንት ሠርቷል። ለ9 የሕንድ የአጻጻፍ ሥርዓቶች የሚሆን ነው። የላቲኑን ቅርጽ ወስደው በሌሎቹ ላይ አልጫኑም። እያንዳንዱን ለብቻው ቀረጹት፤ ስሙንም ለየብቻ ሰጡት። ባሉ ባይ፣ ባሉ ታምቢ፣ ባሉ ቼታን፣ ባሉ ዳ። ባይ፣ ታምቢ፣ ቼታን፣ ዳ በየቋንቋቸው «ወንድም» ማለት ናቸው። ወንድማማች ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይነት አይሆንም። እርስዎም ከታፔላዎ የሚጠብቁት ይህን ይሁን። የአማርኛው መስመር የእንግሊዝኛው ወንድም ይምሰል፤ ግልባጩ እንዲሆን አይድከሙ።

አሁን ወደ እርስዎ ስምንት ፊደላት። መ፣ ዋ፣ ዕ፣ ለ፣ ሕ፣ ፃ፣ ና፣ ት። ይህ ቃል ለወፍራም ፎንት ከባድ ፈተና ነው፤ እንኳን እሱን ጠየቁኝ። መ ሁለት የተዘጉ ቀዳዳዎች አሉት። ዋ ክቡን ለሁለት የሚከፍል ቁም መስመር አለው፣ ስለዚህ ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች ናቸው። ዕ አንድ ቀዳዳ ነው፤ ከዐ የሚለየው ደግሞ በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው። ፃ ክቡን አግድም መስመር ይቆርጠዋል፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚደፈነው እሱ ነው። ሕ ቀዳዳ የለውም፣ ግን ሦስቱ እግሮች ከወፈሩ በመካከላቸው ያሉት ሁለት ክፍተቶች ይጠፉና አንድ ጥቁር ጡብ ይሆናል። ት ከተ የሚለየው በትንሽ ጭረት ነው፤ ጫፉን ከልክ በላይ ካደቦለቦሉት ጭረቷ ትዋጥና «ሕፃናተ» ይሆናል። ለ እና ና ብቻ ናቸው የማያስቸግሩት።

አንዳንድ ዲዛይነር ይህን ሲያይ «ፃን በጻ እንተካው፣ ሕንም ህ እናድርገው፣ ይቀላል» ይላል። እባክዎ አይስማሙ። የቃሉ የግእዝ አጻጻፍ ሕፃን ነው። ሌላው አጻጻፍ በየቦታው ይታያል፣ ሰውም ያነበዋል። ግን ልጅ ፊደል የሚቆጥርበት ቤት በር ላይ ፊደልን ለፎንት ምቾት መለወጥ የተገላቢጦሽ ነው።

ምን አማራጭ አለዎት? ቀላሉ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን እንዳለ መጠቀም ነው። ነፃ ነው። ከ100 እስከ 900 ድረስ ውፍረት አለው፤ ሁሉም በትክክል የተሣሉ እንጂ በማሽን ያበጡ አይደሉም። የኖቶ ወፍራሙ መልክ ከፍሬዶካ ሥር ሲቀመጥ ክብደቱ ይጣጣማል። ጫፉ ግን ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ስለሆነ ጨዋታው ይጎድለዋል። ዛሬ ማታ ባነር ማሳተም ካለብዎ ይህን ያድርጉ፤ አያሳፍርም።

ቀጣዩ መንገድ ያንኑ ኖቶ ወስዶ ጫፎቹን ማድቦልቦል ነው። ዲዛይነርዎ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ይቀይርና በኦፍሴት ፓዝ፣ ማለትም የቅርጹን ጠርዝ በሚያስገባውና በሚያስወጣው ትእዛዝ፣ መጀመሪያ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ በዚያው መጠን ወደ ውጭ ይመልሰው፤ ማዕዘኑን «ራውንድ» አድርጎ። ወደ ውጭ የወጡ ማዕዘኖች በሙሉ ይለዝባሉ። ኢንክስኬፕ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ላይም ማዕዘን ማለዘቢያ አለ። አንድ ወጥመድ ግን አለበት። ወደ ውስጥ የገቡበት መጠን ከቀጭኑ መስመር ውፍረት ግማሽ ከበለጠ ያ መስመር ጠፍቶ ይቀራል፤ ወደ ውጭ ሲመልሱት አይመለስም። ኖቶ ላይ ደግሞ ቀጫጭኖቹ ድምፅ የሚለዩት ጭረቶች ናቸው። ስለዚህ ከሠሩ በኋላ እያንዳንዱን ፊደል ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩት። የዕ ጭረት አለች? የት ጭረት አለች? መነሻዎ ደግሞ ቦልዱ ይሁን፤ ከሁሉም ወፍራሙን አይውሰዱ። ወፍራሙ ቀዳዳውን ቀድሞ ጨርሶታል።

ሌላው መንገድ ስምንቱን ፊደል በሠዓሊ ማሣል ነው። ፎንት ማሠራት አላልኩም። ለ231 ፊደል መክፈል የለብዎትም፤ የሚፈልጉት ስምንት ብቻ ነው። ፊደል ላይ የሠራ ሰው ወረቀት ላይ በወፍራም ማርከር ይጀምራል፤ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ያስተካክላል። መን ወደ ጎን ይለጥጠዋል። የዋ እና የፃ ክብ ውስጥ ያለውን መስመር ከዳሩ ያቀጥነዋል፤ ይህ ማታለል አይደለም፣ ዓይን እኩል አድርጎ የሚያየው እንዲያ ሲሆን ነው። ሕን ያሰፋዋል። ዕን ከሌሎቹ ትንሽ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፣ ክብ ነገር ከቀጥ ያለ ነገር ጋር እኩል ቁመት ሲኖረው ያነሰ ስለሚመስል። በፊደላቱ መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ሳይሆን በዓይኑ ያመጣጥናል። ተጫዋች እንዲሆን ፊደሎቹን አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ዘንበል ማድረግ ይችላል። ሙሉ ፊደሉ ይዝለል፤ ጭረቱና ቀለበቱ ግን ከቦታቸው አይነቃነቁ። አጋማሽ ላይ ያለ ጭረትና እግር ሥር ያለ ጭረት የተለያየ ድምፅ ናቸው።

የእኔ ምክር ይህኛው ነው፣ ሳላመነታ። ስምንቱን ፊደል ያሳሉ። ለሌላው ሁሉ፣ ለስልክ ቁጥሩ መስመር፣ ለማስታወቂያው ዝርዝር፣ ለወላጆች ደብዳቤ፣ ኖቶን በመደበኛ ውፍረቱ ይጠቀሙ። የእንግሊዝኛውን ፍሬዶካ አይቀይሩት፤ ጥሩ መርጠዋል። የፈቃድ ጉዳይም አያስጨንቅም። ፍሬዶካም ኖቶም የወጡት ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በሚባለው ነፃ ፈቃድ ነው። ለንግድ ሎጎ፣ ለታፔላ፣ ለልብስ መጠቀም ይቻላል። የማይቻለው ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ነው። የተሻሻለ ፎንት ሠርቶ የሚያሰራጭ ሰው በዚያው ፈቃድ መልቀቅ አለበት፤ ሎጎ ግን ፎንት ስላልሆነ ይህ አይመለከተውም።

ሁለት መንገዶች ላይ ግን እንዳይሄዱ። አንደኛው ከዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የኮምፒውተሮች የጋራ ሥርዓት፣ በፊት የነበሩ የድሮ የአማርኛ ፎንቶች ናቸው። ኢትዮጵያዊው ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት እንደ ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ ያሉት የእንግሊዝኛ ፊደል መቀመጫ ላይ የአማርኛ ቅርጽ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። በጊዜያቸው ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል፤ ጋዜጣና መጽሐፍ ያወጣንባቸው ናቸው። አንዳንዶቹም ጌጠኛና ወፋፍራም መልክ አላቸው፣ ለዚህ ነው ዲዛይነሮች እስካሁን የሚመዟቸው። ለታተመ ታፔላ ወደ ቅርጽ ከቀየሩት ይሠራሉ። ድረ ገጽ ወይም ፌስቡክ ላይ ሲለጥፉት ግን ፎንቱ የሌለው ሰው ስልክ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ጉግል ላይም ተፈልጎ አይገኝም።

ሌላው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን «በአማርኛ መዋዕለ ሕፃናት ብለህ ሥራልኝ» ማለት ነው። ሥዕል የሚሠሩት ፕሮግራሞች ቀለሙንና ስሜቱን ያመጡታል። ፊደሉን ግን ብዙ ጊዜ ይፈጥሩታል። ከሩቅ አማርኛ የሚመስል፣ ቀርበው ሲያዩት በየትኛውም ገበታ ላይ የሌለ ቅርጽ ይወጣል። ለሐሳብ ማመንጫ ይጠቀሙበት፤ ከዚያ የወጣ ፊደል ግን በርዎ ላይ አይሰቀል።

ፊደሉን ለሚሥለው ሰው ታፔላው የት እንደሚሰቀል አስቀድመው ይንገሩት። ላይት ቦክስ፣ ማለትም ከውስጡ የሚበራ ታፔላ፣ ከሆነ ማታ ብርሃኑ ከፊደሉ ጠርዝ ላይ ይፈስሳል። ነጭ የሚበራ ፊደል ከሆነ ያብጣል፤ ቀን ላይ ክፍት የነበረ ቀዳዳ ማታ ይዘጋል። ስለዚህ ለላይት ቦክስ የሚሆነው ቅጂ ትንሽ ቀጠን ይበል። ዩኒፎርም ላይ በክር የሚጠለፍ ከሆነ ጉዳዩ ይከፋል፣ ክር ራሱ ውፍረት አለውና። ደረት ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ጥልፍ «መዋዕለ ሕፃናት»ን በዚህ መልክ አይሸከምም። እዚያ ምልክቱን ብቻ፣ ወይም የቤቱን አጭር ስም ብቻ ያስጠልፉ። አክሪሊክ ተቆርጦ የሚለጠፍ ከሆነ ደግሞ የፃ እና የዋ ውስጥ ያሉት ቁርጥራጮች ጠባብ ሲሆኑ ማሽኑ ይሰብራቸዋል፤ ቆራጩን ትንሹ ስፋት ስንት እንደሆነ ይጠይቁት።

መጠኑን በተመለከተ በታፔላ ሥራ የምንጠቀምበት ግምት አለ። ከ10 ሜትር ርቀት በምቾት እንዲነበብ ፊደሉ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይኑረው። ከ25 ሜትር ከሆነ 20 ሴንቲ ሜትር። ለወፍራምና ክብ ፊደል እኔ ከዚህ ትንሽ እጨምራለሁ። ሳያሠሩ መፈተን ይችላሉ። ሎጎውን ፊደሉ 1 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን አድርገው ወረቀት ላይ ያትሙት፤ ግድግዳ ላይ ለጥፈው 1 ሜትር ከ20 ያህል ይራቁ። ዓይንዎ የሚያየው 8 ሴንቲ ሜትሩን ፊደል ከ10 ሜትር እንዳየው ነው። ከዚያ ቃሉን የማያውቅ ሰው ጠርተው ያስነብቡት። እርስዎ አይቆጠሩም፤ የሚያውቁትን ቃል ዓይንዎ ራሱ ይሞላዋል። ያ ሰው ፃ ላይ ከቆመ ፊደሉ ወደ ሠዓሊው ይመለስ።

የፊደል ገበታው ላይ ግን መልሴ አይሆንም ነው። ጠንከር አድርጌ የምለው እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ሰው ታፔላ ሲያነብ ፊደል በፊደል አይሄድም፤ የቃሉን መልክ አይቶ ያልፋል፣ የተደፈነ ቀለበት ቢኖርም ከዐውዱ ያገኘዋል። የአራት ዓመት ልጅ ይህ የለውም። እሱ እየተማረ ያለው ራሷን ጭረቷን ነው። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ ሲል የሚያየው አንድ ቤት ላይ ምን እንደተጨመረ፣ የት እንደተጨመረ ነው። ካዕብ ወገቡ ላይ፣ ሣልስ እግሩ ላይ፣ ኃምስ በቀለበት። ሰና ሸን፣ ነና ኘን፣ ዘና ዠን የሚለየው ራሳቸው ላይ ያለች ጭረት ነች። ወፍራምና ድቡልቡል ፎንት እነዚህን ልዩነቶች ነው የሚያሳንሰው። ልጁ ፊደሉን ሳይሆን ፎንቱን እንዲማር እናደርገዋለን፤ ከዚያ መጽሐፍ ላይ ሌላ ሲያይ ግራ ይገባዋል።

ለገበታው መስመሩ መካከለኛ የሆነ፣ ቀለበቱ ተከፍቶ የሚታይ ፊደል ይምረጡ። ኖቶ ሳንስ በመደበኛው ውፍረት ይሆናል። የብራናውን መልክ ከወደዱ አቢሲኒካ ኤስአይኤል አለ፤ እሱም ነፃ ነው። ጨዋታውን ከፊደሉ ዙሪያ ያምጡት። ካርዱ ደማቅ ይሁን፣ ማዕዘኑ ክብ ይሁን፣ ሥዕል ይኑረው፣ የፊደሉ መደብ ቢጫና ብርቱካናማ ይሁን። ልጆቹን የሚያስደስታቸውን ቀለም ሁሉ ያፍስሱበት፤ ፊደሉ ግን ጥቁርና ጥርት ያለ ይሁን።

በመጨረሻ ሠዓሊው ሥራውን ሲያስረክብ ሦስት ነገር ይጠይቁት። መጠኑ ቢቀያየር የማይፈርስ የኤስቪጂ ወይም የፒዲኤፍ ፋይል፣ ለላይት ቦክስ የሚሆን ቀጠን ያለ ቅጂ፣ እና በአንድ ቀለም ብቻ የተሠራ ቅጂ። ማኅተም ሲያስቀርጹ የሚያስፈልግዎ የመጨረሻው ነው። ማኅተም ላይ ቀለም ይሰፋል፣ ስለዚህ ፃ እንዳይደፈን እዚያም አንድ ጊዜ አትመው ይዩት።